ሳይናገሩ የማያድሩት እትዬ ጌታነሽ

ዓርብ ሰኔ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ተራ ቁጥር 40፦ «ጽናት በዚህ ሳምንት»። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። አራት ነጥብ የለም፣ ስርዝ የለም። ደብተሩ የሁለተኛ ክፍል መምህርት የእትዬ ጌታነሽ የወላጅ መገናኛ ደብተር ነው፤ አሁን ያለው እኔ ዘንድ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት መዝገብ አያያዝ ነው፤ የምሠራውም በወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ያልተቋጨ ዓረፍተ ነገር እንደ ጥርስ ሕመም እንቅልፍ ይነሳኛል።

መቼም ልጅና ጥቁር ሰሌዳ ባለበት አገር ሁሉ አንዲት እንዲህ ያለች መምህርት አትጠፋም፦ ልጅዎ ዛሬ የተማረውን እርስዎ ካልሰሙ፣ ልጁ እንዳልተማረ የምትቆጥር። እርስዎ ይሸሻሉ፤ እሷ ታገኝዎታለች። የእኛዋ ክብርት እትዬ ጌታነሽ፣ የሁለተኛ ክፍል ዋና አዋጅ ነጋሪ፣ የራቤል ተወላጅ፣ በዚህ ሙያ አቻ አልነበራቸውም። «ሳልናገር አላድርም» ይላሉ፤ እንዳሉትም ሳይናገሩ አድረው አያውቁም።

አቶ ዳኜ እናቱን የቀበረ ዕለት፣ ለቀስተኛው ገና ከድንኳኑ ሳይወጣ፣ እትዬ ጌታነሽ አጠገቡ ተቀመጡ። እጁን ያዙ፤ አብረው አለቀሱ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ነፍሳቸውን ይማር፣ ዳኜ። ልጅህ ታዲዮስ ግን ከመቶ ወደ ኋላ መቁጠር ጀምሯል» አሉ። ዳኜ እያለቀሰ «ከስንት ደረሰ?» አላቸው።

አባ መርስዔ ኃዘንንም ከቅዳሴ በኋላ መስቀል እያሳለሙ ሳሉ ነው የያዟቸው።

«አባ፣ የልጅ ልጅዎ አብነት መጽሐፉን ዘቅዝቆ ነው የሚያነበው።»

«ታዲያ ይሳሳታል?»

«አንድም ቃል አይሳሳትም! ችግሩ እሱ ነው እኮ! እንደ ዳዊት በቃሉ ሸምድዶታል።»

አባ መስቀሉን በእትዬ ግንባር ላይ አሳረፉና «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። ለየትኛው ኃጢአት እንደሆነ ግልጽ አላደረጉም።

የእትዬ ጌታነሽ ዋና መድረክ ግን አፋፉ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከገደሉ በአንዱ በኩል ነው፤ እኛን ጨምሮ ሰባት ቤቶች ማዶ ነን። ስልክ በየቤቱ አለ፤ ኔትወርክ ግን ገደሉን ይፈራል። ስለዚህ እንደ ጥንቱ እንጠራራለን። ሰው ሲሞት፣ በግ ሲጠፋ፣ ደቦ ሲጠራ፣ አንዱ ከአፋፍ ይጮሃል። ማዶ ያለው «ሰምተናል!» እስኪል ድረስ መልእክቱ እንደደረሰ አይቆጠርም፤ ጠሪውም ከአፋፉ አይወርድም። እትዬ ጌታነሽ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ሰው ከእርሻው ሲገባና ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ፣ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው እዚያ ይቆማሉ። እኛ የምናየው ጉም ብቻ ነው። ጉሙ ስማችንን ይጠራናል።

«የአስካለ ማርያም ቤት! ገብረየሱስ የመደመር ምልክት ባየ ቁጥር እያማተበ ፈተናው ሰዓት ያልቅበታል!»

«ኧረ አንቺ ጌታነሽ፣ ቀስ ብለሽ ብትነግሪኝ ምን አለበት? አገር ሰማ እኮ!»

«ቀስ ብዬ ብነግርሽ ማዶ ሆነሽ በምን ጆሮሽ ትሰሚያለሽ? መልሺልኝ፣ በረደኝ!»

«ሰምተናል! ሰምተናል!»

እሳቸውም እዚያው ቆመው የተነገረውን ደብተሩ ላይ ያሰፍራሉ። ያልተነገረ አይጻፍም፤ ሕጋቸው ነበር። በዚህ አንድ ነገር ከእኔ መዝገብ ቤት ይበልጡ ነበር።

ልጄ ጽናት በሳንባ ምች ያረፈችው ታኅሣሥ 20 ቀን ነው። ሰባት ዓመቷ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ዓርብ፣ ከስድስቱ ቤቶች ጥሪ ቀጥሎ፣ ከጉሙ ውስጥ «የይሥሐቅ ቤት!» የሚል ድምፅ መጣ። ባለቤቴ ምሥራቅ የያዘችውን ጣሳ መሬት አስቀመጠች። «ጽናት በዚህ ሳምንት በመበደር መቀነስን አልወደደችውም! ከፅዮን ጋር ተኳርፈው ነበር፤ ታርቀዋል!»

አልመለስኩም። ከቤትም አልወጣሁም። ሴትዮዋ በዚያ ብርድ ቆመው እየጠበቁ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ «ሰምተናል» የሚል መልስ ተሰማ፤ እሳቸውም ሄዱ።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ለእትዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጉዳዩ፦ ስም ከመዝገብ ስለመሰረዝ። ተማሪ ሲሞት በስሙ ላይ ቀይ መስመር ይሰመራል፤ በማስታወሻው ዓምድ ምክንያቱ ይጻፋል። መመሪያው አሻሚ አይደለም። ደብዳቤው ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሰ፤ ጀርባው ላይ በእጃቸው «ዓመቱ አላለቀም» ተብሎ ተጽፎበታል። በመዝገብ ቤቴ ዘመን ቁጥርና ማኅተም የሌለው መልስ ሲደርሰኝ የመጀመሪያው ነው።

ክፍላቸው ድረስ ሄድኩ። ሦስት ልጅ በሚቀመጥበት ዴስክ ፅዮንና ሌላዋ ልጅ ግራና ቀኝ ጫፉን ይዘዋል፤ መሐሉን ማንም አልነካውም።

«እትዬ፣ እባክዎ ይተዉን።»

«ምኑን ልተው?»

«ጥሪውን። ስሟንም ይሰርዙት። እኔና ምሥራቅ ዓርብ በመጣ ቁጥር እንደገና እንቀብራታለን።»

ጠመኔያቸውን አስቀምጠው በዝግታ አዩኝ። «ይሥሐቅ፣ አንተ መዝገብ ትይዛለህ፣ እኔ ክፍል እይዛለሁ። መስከረም ላይ አርባ አንድ ልጅ ተረከብኩ። ሰኔ ላይ አርባ አንድ አስረክባለሁ።»

«አርባ ናቸው።»

«ቁጠራቸዋ።»

በየዴስኩ ቆጠርኩ። አርባ አንድ መጣልኝ። እንደገና ስቆጥር አርባ ሆኑ። የመጀመሪያው ቆጠራ ስሕተት መሆኑን በማስታወሻዬ ይዣለሁ።

ጥሪው ቀጠለ። ዓርብ በመጣ ቁጥር ቤታችን ይጠራል፤ እኔ ዝም እላለሁ፤ «ሰምተናል» ይባላል፤ እሳቸው ይሄዳሉ። መጋቢት ላይ ግን «ጽናት ዛሬ ስምንትን ሳትዘል እስከ ሃያ ቆጠረች!» የሚል መጣ። ጽናት ትምህርት ቤት ስትቆጥር ስምንትን ዘላ አታውቅም። የምትዘለው ቤት ውስጥ፣ ከእኔ ጋር ብቻ፣ እኔን ለማናደድ ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም። የፈተና ወረቀቶቿን ሁሉ አውጥቼ አየሁ፤ የትም አልተጻፈም። እትዬን ብጠይቃቸው «የነገረችኝን ነው የነገርኩህ» ብለው ወደ ሰሌዳቸው ዞሩ።

ያን ዕለት ምሥራቅን ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኳት።

«ለምኑ?» አለችኝ።

«በእኔ ፈንታ ስለምትመልሺላቸው።»

«እኔ? እኔማ አንተ ነህ ብዬ ነበር።»

የሠለጠነ ሰው እንደሚያደርገው አደረግሁ። ስድስቱንም ቤቶች ዞሬ ጠየቅሁ፤ መልሳቸውን በሠንጠረዥ ያዝኩ። ለእኛ ቤት የመለሰ የለም። ሁሉም ከእኛ ደጅ የመጣ መስሏቸው ኖሯል። «ገደል ማሚቶ ነው» ያለኝ አለ፤ ነገር ግን ገደል ማሚቶ የተባለውን ይደግማል እንጂ ያልተባለ አይመልስም። የሴት ይሁን የወንድ ማንም መለየት አልቻለም። አስካለ ማርያም ብቻ «ትንሽ ቀጠን ይላል» አለችና አማተበች። ያን ዓምድ ባዶ ተውኩት።

ሰኔ 9 የትምህርቱ የመጨረሻ ዓርብ ነበር። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ደጃፍ ላይ ቆምኩ፤ ምሥራቅ ከኋላዬ ቆማለች። ዓመቱ ሊያልቅ ነው፤ ልጄን ከክፍሏ ሲያሰናብቷት ሌላ ሰው እንዲመልስልኝ አልፈለግሁም። ጉሙ መጣ፤ ስድስቱ ቤቶች ተጠሩ፣ መለሱ።

«የይሥሐቅ ቤት! ጽናት በዚህ ሳምንት—»

«ሰምተናል!»

ጮኽኩ። ያኛው ድምፅ እንዳይቀድመኝ ፈርቼ፣ ቃሉን ከአፋቸው ነጠቅሁ። ሌላ ድምፅ አልተሰማም፤ ከዚያም ወዲህ ተሰምቶ አያውቅም።

«ይሥሐቅ? አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ!»

«አሁን ገና! በል ግባ፣ ይበርድሃል!»

ስሕተቴን ያወቅሁት ከአፋፉ ከወረዱ በኋላ ነው። ቀሪውን ሰኞ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ተጽናናሁ። እሳቸው ግን ቅዳሜ ማታ እንደ ተኙ እሑድ ሳይነሱ ቀሩ። ደብተሩና የስም ጥሪ መዝገቡ ለርክክብ ወደ እኔ መጡ። ያልተነገረ አይጻፍምና ዓረፍተ ነገሩ የቆመው እኔ ባቆምኩበት ቦታ ላይ ነው። ልጄ ወደ ሦስተኛ ክፍል አልፋ ይሁን፣ ታርቃ ይሁን፣ ተሰናብታ ይሁን አላውቅም። በመዝገቡ ላይ አርባ አንድ ስም አለ። ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቼ ነበር፤ መልሼ ከተትኩት፤ በድምሩ ሥር «41፣ ተረክቤአለሁ» ብዬ ፈረምኩ። በሥራ ዘመኔ አውቄ ያጸደቅሁት ስሕተት ይኸው አንድ ብቻ ነው። ማንም የመዝገብ ሠራተኛ ቢያርመው እኔን ያነጋግረኝ።

የመጨረሻ ቀናቸውን በተመለከተ ያረጋገጥኩት የሚከተለውን ነው። ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሃያ ኪሎ ገብስ ይዘው ወደ አወቀ ወፍጮ ቤት ወረዱ። ገብሱ ሲፈጭ ቆመው ስለ ልጁ ስለ ትሕትና የክፍል ውሎ ነገሩት። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር አወቀ አንድ ቃል አልያዘም፤ ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀላቸው። አላመኑትም። ሞተሩ እስኪጠፋ ጠበቁ፤ ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ነገሩት፤ ዱቄታቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ሄዱ።