የመሪጌታ ፈንታ ተረከዝ

ከወገብ በታች ያለውን ነገር አማርኛ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ተገላግሏል። ክንድና እጅ የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ከዳሌ እስከ ትንሿ ጣት ጥፍር የተዘረጋው ያ ሁሉ አገር ግን እግር ነው፤ በቃ። ጭን፣ ባት፣ ቁርጭምጭሚት የሚባሉ ቃላት እንዳሉ አልጠፋኝም። ግን እስቲ «ቁርጭምጭሚቴን እያመመኝ ነው» ብሎ ጎረቤቱን ያማከረ ሰው ታውቃላችሁ? «እግሬን» ይላል። ጎረቤቱም የትኛውን፣ የት ላይ ብሎ ሳይጠይቅ «ብርድ ነው» ይለዋል። ደብረ ታቦር ውስጥ ምርመራው በዚሁ ያልቃል። መድኃኒቱ ጋቢ ነው።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ «ብርድ አይደለም» እላለሁ። ሰሚ አግኝቼ አላውቅም። አሁን አሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምለው፤ ለራሴ ያህል።

ለመሆኑ እግር እንዴት እንደሚራመድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ማን ያስባል! ተረከዝ ቀድሞ መሬቱን ይነካል። ከዚያ ክብደታችን በውስጥ እግራችን የውጭ ጠርዝ በኩል ወደፊት ይጓዛል፤ ከጣቶች ሥር ተሻግሮ አውራ ጣት ላይ ይደርሳል። ያኔ ተረከዝ ይነሳል፤ አውራ ጣት መሬቱን ወደኋላ ይገፋል፤ እኛ ወደፊት እንሄዳለን፤ ሄደንም ማንንም አናመሰግንም። ከውስጥ እግር ሥር፣ ከተረከዝ እስከ ጣቶች፣ እንደ በገና አውታር የተወጠረ ጅማት አለ። ስንቆም ይሳባል፤ ስንራመድ ይሳባል፣ ይላላል። ሁልጊዜ እየተሳበ ከቆየ ግን ተረከዙ ላይ በታሰረበት ቦታ ይቆጣል። ሰውዬው ጠዋት ከአልጋው ወርዶ የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲረግጥ ምስማር የረገጠ ይመስለዋል። ጥቂት ሲራመድ ይሻለዋል። ስለተሻለው ይረሳዋል። በማግስቱ ጠዋት ምስማሩ እዚያው ነው።

ደብረ ታቦር ደግሞ ለእግር የምታዝን ከተማ አይደለችም። ወይ ትወጣላችሁ፣ ወይ ትወርዳላችሁ፤ ሁለቱንም የማታደርጉ ከሆነ ተቀምጣችኋል። ክረምት ጭቃው ጫማችሁን አንቆ ይይዛል፤ በጋ ድንጋዩ ሶላችሁን ይበላል። ከጭቃው የሚያድነው ቦት ጫማ ውስጡ እግር ይቀቅላል፤ የጣቶች መሃል ይላጣል። ለበዓል የምትገዙት ባለ ሹል አፍ ጫማ ትንሿን ጣት ያደነድናታል፤ ጥፍሯን ወደ ሥጋዋ ያስገባዋል። ሸበጥ ያደረገ ሰው ተረከዙ ይነቃል። እንግዲህ ምርጫው የእናንተ ነው።

ጎረቤቴ መሪጌታ ፈንታ የአቋቋም መምህር ናቸው። አቋቋም፣ ለማታውቁት፣ ካህናት በቅኔ ማኅሌት ቆመው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ዜማውን በአካላቸው የሚያሸበሽቡበት ትምህርት ነው። መቼ እንደሚወዛወዙ፣ መቼ ፈቅ እንደሚሉ፣ መቋሚያው መቼ እንደሚነሳ መቼ እንደሚወድቅ፣ ሁሉም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በዓይንና በጆሮ ይወረሳል። ቃሉ ራሱ ከመቆም የወጣ ነው። መሪጌታ መቆምን ተምረው፣ መቆምን አስተምረው፣ በመቆም የተከበሩ ሰው ናቸው። ተማሪዎቻቸው አነጣጠሳቸውን እንኳ ይቀዳሉ ይባላል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ጠዋት አጥራቸውን ተደግፈው በጣቶቻቸው ጫፍ ሲራመዱ አየኋቸው።

«ምን ሆኑ መሪጌታ?»

«እግሬን።»

«የት ላይ?»

እንደ ቂል አዩኝ። «እግር ላይ ነዋ! እግሬን የሚያመኝ ጆሮዬ ላይ ነው?»

ቀኝ ተረከዛቸው ነበር። ጠዋት ምስማር፣ ረፋድ ላይ ሻል፣ ከቅዳሴ መልስ እሳት። በሽታውን አወቅሁት፤ የእኔም ግራ ተረከዝ ከእሱ ጋር ከተዋወቀች ቆይታለች። ለማስረዳት አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ብርድ ነው» አሉ።

ለብርዱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረዱ። እዚያ ሳሉ በጣም ተሻላቸው፤ ሌላ ቢቀር እዚያ የሚቆም ሰው የለም፣ ሁሉም ተዘፍዝፎ ነው የሚውል። ውሃው ያዳነውን የመልስ መንገድ መለሰባቸው።

ነገሩ የከበደው የደብሩ ንግሥ ነሐሴ ውስጥ ስለሚውል ነው። በዚያ ቀን ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ ሞልቶ ሳለ ወረቡን የሚመሩት መሪጌታ ናቸው። የደብሩ አስተዳዳሪ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ነው ጣጣውን ያመጣው። «የኔታ፣ ዘንድሮ ወንበር እናድርግልዎት፤ ተቀምጠው ይባርኩን፣ ወረቡን ከልጆችዎ አንዱ ይምራ» አሏቸው። መሪጌታ ማታ አጥር ለአጥር ስንገናኝ እንዲህ አሉኝ፦ «የሚቀመጥ የአቋቋም መምህር ምን ይባላል? አንተ የተማርክ ነህ፤ ስም ካለው ንገረኝ።»

ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳቸው።

የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና የሚሰጠው ከሕንፃው ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ባለሙያዋ ሰብለ የምትባል የእብናት ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ትምህርቷን በእንግሊዝኛ ጨርሳ በሽተኞቿን በአማርኛ የምታክም። ችግሩም ከዚህ ጀመረ። መሪጌታን በባዶ እግራቸው አቆመቻቸው፤ ከፊት አየች፣ ከኋላ አየች፤ ወደ በሩና ወደ መስኮቱ አራመደቻቸው። ተንበርክካ ተረከዛቸውን ስትጫን መሪጌታ የአንድ ቅዱስ ስም ጠሩ።

ሰብለ ተነስታ እጇን አራገፈችና በቅንነት እንዲህ አለች፦ «አባቴ፣ ብርድ አይደለም። ችግሩ አቋቋምዎ ነው። አቋቋምዎ ትክክል አይደለም።»

ወለሉን አየሁ። ሌላ የማይበት ቦታ አልነበረኝም።

መሪጌታ ቀስ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንዴት አልሽ?»

«አቋቋምዎ። ከልምድ የመጣ ነው፤ ብዙ ዓመት ተሳስተው ስለቆሙ ነው። ግን ይስተካከላል፤ እኔ አስተምርዎታለሁ።»

«አንቺ? እኔን? አቋቋም?»

«አዎ አባቴ። ከባድ አይደለም።»

በአቋቋም ትምህርት ከሚታወቁት ወገኖች መካከል ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ አሉ። ምንጫቸው አንድ ቢሆንም አንዱ የሌላውን አካሄድ እያየ ጺሙን መዳሰሱ አይቀርም። መሪጌታ የታች ቤት ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት ሊመጣ እንደሚችል የጠረጠሩት ወዲያው ነው።

«ለመሆኑ የየት ቤት ነሽ?» አሏት፤ «የላይ ቤት?»

«ኧረ አይደለም አባቴ፤ ታች ቤት ነን» አለች ሰብለ በጣቷ ወለሉን እያሳየች። «ላይ ቤት ራጅ ነው።»

መሪጌታ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ።

ባጃጅ ውስጥ ለማስረዳት ሞከርኩ። ልጅቷ የቤተ ክርስቲያኑን አቋቋም ማለቷ አይደለም፣ የሰውነትን አቆመ… አቋ… ሌላ ቃል ፈለግሁ፤ የለም። «ማለቴ፣ ሰውነትዎ የሚቆምበትን ሁኔታ ነው» አልኩ።

«እኔስ የማስተምረው የምን አቋቋም መስሎህ ነው?» አሉ። «የግንድ?»

እውነት አላቸው። ልጅቷም እውነት አላት። በሁለት እውነት መሃል ባጃጅ ውስጥ ተጣብቆ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

ሐምሌ እንዲህ አለፈ። ዝናቡ ይዘንባል፤ መሪጌታ ያነክሳሉ፤ እኔም በበኩሌ አነክሳለሁ። ሁለታችንም በየአጥራችን ሆነን ሰማዩን እናማለን። ፍልሰታ ሲገባ ቅዳሴው ረዘመ፤ ተረከዙም ባሰበት። አንድ ቀን ወደ ቅኔ ማኅሌት ሲገቡ፣ ሁልጊዜ ከሚቆሙበት ዓምድ አጠገብ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ጠበቃቸው። ወንበሩ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ስድብ ቢሆን መልስ ይሰጡበት ነበር። ጨርቅ ለተነጠፈለት ወንበር ግን ምን ይመለስለታል? እስከ መጨረሻው አጠገቡ ቆመው፣ በር ላይ ሲደርሱ ግድግዳ ያዙ።

በማግስቱ ጠዋት በሬን አንኳኩ። መቋሚያቸውን ይዘዋል።

«ያቺ የታች ቤቷ ልጅ ዛሬ ትኖራለች?»

ሊታከሙ ሳይሆን ሊከራከሩ ነበር የሄዱት። ክፍሉ ስለጠበባቸው መተላለፊያው ላይ ቆመው፣ «እንግዲህ ስህተቱን አሳዪኝ» ብለው ጀመሩ። ዜማውን በለሆሳስ እያሉ መቋሚያውን አነሱ፣ ጣሉ፣ ፈቅ አሉ። ወረፋ የሚጠብቁ በሽተኞች ተነስተው ቆሙ፤ አንድ በክራንች የመጣ ሰውዬ ሳይቀር። ሰብለ ብቻ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፊታቸውን ሳይሆን እግራቸውን ታይ ነበር።

«የኔታ» አለች ሲጨርሱ። ከበሽተኞቹ ሰምታ ነው መሰለኝ፣ አባቴ ማለቱን ትታለች። «እንዲህ ሲያሸበሽቡ ምንም ችግር የለውም፤ ያምራል። ሳያሸበሽቡ ሲቀሩስ? ዝም ብለው ሲቆሙ እንዴት ነው?»

መሪጌታ መቋሚያውን በግራ ብብታቸው ሥር አድርገው ተደገፉ። ቀኝ እግራቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ አለ።

«ይኸው! መቋሚያው ግራውን ያሳርፈዋል። ሸክሙ ሁሉ ቀኝ ተረከዝዎ ላይ ነው፤ በባዶ እግር፣ ድንጋይ ላይ፣ ስንት ዓመት! ይኼ ተረከዝ መቼ ነው የሚነሳው?»

መሪጌታ አሰቡ። የእውነት አሰቡ፤ ከመምህራቸው የተቀበሉትን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያገላበጡ ይመስላሉ። «አይነሳም» አሉ በመጨረሻ።

«ክልክል ነው?»

«ክልክልስ አይደለም። ግን ከመምህሬ ያልተቀበልኩትን ቅኔ ማኅሌት ውስጥ አልጨምርም።»

«እንግዲያው ቤትዎ ይጨምሩት።»

በዚህ ተስማሙ። መቋሚያው አንዳንዴ ወደ ቀኝ ብብት ይዛወራል። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ውስጥ እግርን በነጠላ ጠልፎ ጣቶቹን ወደ ራስ መሳብ። ከዚያ ደጃፍ ላይ በጣቶች ቆሞ ተረከዝን ማንሳት፣ ቀስ ብሎ ማውረድ፣ ደግሞ ማንሳት። ሲቀመጡ በውስጥ እግር ጠርሙስ ማንከባለል። በቤታቸው የተገኘው ጠርሙስ የአረቄ ስለነበር ሰፈሩ ለጥቂት ቀናት ሌላ ወሬ አገኘ፤ እሱ ግን ወዲያው በረደ፤ የሰከረ ሰው ያን ያህል ቀጥ ብሎ አይቆምማ።

መሪጌታ ያዘዘቻቸውን ሁሉ እንደ ጸሎት ያዙት። ጠዋት ጠዋት ደፋቸው ላይ ቆመው፣ ለመቁጠሪያ እንዲሆናቸው ዜማ እያንጎራጎሩ፣ ተረከዛቸውን ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ። ለትምህርት የሚመጡት ተማሪዎች ከአጥሩ ውጭ በአክብሮት ይጠብቃሉ። ይጠብቃሉ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የንግሡ ቀን ዝናቡ ለጊዜው ታገሠን። ታቦቱ ወጣ፤ ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ቆሙ። መሪጌታ ከፊት ናቸው፤ ምስማሩ ባይነቀልም ጎብጧል። ሰማያዊውን ወንበር አስተዳዳሪው ራሳቸው ተቀምጠውበት አየሁ፤ ወገባቸውን ይዟቸው ነበር፤ ብርድ ነው አሉ። መሪጌታ ወረቡን አነሱ፤ መሩ፤ እስከ መጨረሻው ቆሙ። ያጠፉት ነገር የለም፤ የጨመሩትም የለም። ቃላቸውን ጠብቀው ተረከዛቸውን አንዴም አላነሱም።

ተማሪዎቻቸው ግን አነሱ።

ረድፉ በሙሉ፣ ዜማው ዘለግ ሲል፣ በአንድነት በጣቶቹ ላይ ከፍ አለ፤ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ደግሞ ከፍ አለ። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር። ሕዝቡ እልል አለ። መሪጌታ ከፊት ስለሆኑ አላዩም፤ እልልታው ለምን ቦታውን ሳይጠብቅ እንደመጣ ግን ግራ ገብቷቸው ዘወር አሉ። ፊታቸውን ያኔ ብታዩት!

በኋላ ደጀ ሰላም ስንቀመጥ ልጆቹን ጠርተው «ማን አስተማራችሁ?» አሏቸው።

«እርስዎ፣ የኔታ» አለ ትልቁ በኩራት። «ጠዋት ጠዋት ደፉ ላይ ሆነው ሲያጠኑ አይተን ነው። ለንግሡ የሸሸጉት መስሎን።»

መሪጌታ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን አጠገባቸው ለንግሡ የመጡ አንድ የላይ ቤት ሊቅ ተቀምጠው ነበር። እሳቸው ጺማቸውን እየዳሰሱ ቀደሟቸው፦ «መሪጌታ፣ ይህች ተረከዝ ማንሳት ከወዴት የመጣች ናት? በእኛ ዘንድ የለችም።»

መሪጌታ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። የምድር ቤቷ ክፍል፣ ወለሉን የምታሳየው ጣት፣ ላይ ያለው ራጅ፣ ሁሉም በፊታቸው ሲያልፍ አየሁት። ውሸት ተናግረው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ያን ቀንም አልተናገሩም።

«ከታች ቤት» አሉ።

ሊቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

አሁን ነገሩ ከእኛ ደብር ወጥቷል። ወደ ጣራ ገዳም የሄደ አንድ ተማሪ እዚያም እንዳሳየ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ምሥጢሩን የሚተረጉም ሊቅ ይነሳል፤ መነሳቱ ትንሣኤ ነው፣ መውረዱ ትሕትና ነው ይል ይሆናል። ይበል። ከዚህ የባሰ ብዙ ነገር ተተርጉሟል።

የእኔን ከጠየቃችሁ፣ ጠርሙሱ አልጋዬ ሥር አለ። የት እንዳለ ማወቄም አንድ ነገር ነው። ጠዋት ተነስቼ ምስማሬን ረግጬ፣ አጥሬን ይዤ ስወጣ፣ መሪጌታ ከደፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ እያሉ ያዩኛል። «ምን ሆንህ?» ይሉኛል።

ስለ ጅማቱ፣ ስለ አውታሩ፣ ስለ አውራ ጣቱ ማስረዳት እችል ነበር። ጠዋት ነው፤ ይደክማል።

«ብርድ ነው» እላቸዋለሁ።