ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት የቆመው ማንጎ

እስኪ ስልካችሁን አውጡና፣ ቴሌግራም ላይ ከማንኛውም የቻናል ጽሑፍ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ዓይን ተመልከቱ። አያችኋት? ከጎኗ ቁጥር አለ። ጽሑፉን ስንት ሰው እንዳየው የምትናገረው እሷ ናት። እናንተ ልብ ብላችኋት አታውቁ ይሆናል፤ መብታችሁ ነው። ለዚያች ዓይን ሲል ምሳውን የሚረሳ፣ ደንበኛ የሚያስቀይም፣ ከጎረቤት የሚጣላ አንድ የሰው ዓይነት ግን በዚህ አገር ተፈልፍሏል። ደራሲ ይባላል። ድሮ ደራሲ አንባቢ እስኪመጣለት ይጠብቅ ነበር አሉ። የዛሬው አይጠብቅም፤ አድፍጦ ይይዛል።

በየከተማው አንድ አለ። የናንተን አላውቅም። የአሶሳው የኛው ክቡር ደራሲ ምስጋና ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ «የወፍጮ ቤቱ ልጆች» የተሰኘው ማለቂያ የሌለው ልብ ወለድ ፈጣሪ፣ የማንጎ ዛፍ አዛዋሪ። ማንጎው ይቆየን፤ እደርስበታለሁ። ትክክለኛ ቦታውንም መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ወጥመዱ ሱቁ ነው። እናንተ የምትገቡት ለአንድ ወረቀት ነው፤ ለመታወቂያ ኮፒ፣ ለልጅ ትራንስክሪፕት። «ፋይሉን በቴሌግራም ይላኩልኝ» ይላል በትሕትና። ትልኩለታላችሁ። «አልደረሰኝም፤ ስልክዎን ያምጡት እስኪ» ይላል። ይቀበላል፣ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ ያደርጋል፣ አመስግኖ ይመልሳል። አንድ ገጽ ኮፒ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ሳታውቁት የቻናሉ አባል፣ የሥነ ጽሑፍ ቤተሰብ ሆናችኋል።

እኔን የያዘኝ አቤቱታ ላሳትም ሄጄ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ክዳኑ የጠፋ ቦይ አለ፤ ሰው ሁሉ ዘሎት ያልፋል፣ እኔ ግን ዘልዬ የማልፈው ነገር የለም፣ እጽፋለሁ። ክቡር ደራሲ አቤቱታዬን ከማተሙ በፊት ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«እትዬ ተሻለች፣ ይሄ እኮ ግሩም ነው! መጨረሻው ግን ተንጠልጥሎ ቢቀር ይሻል ነበር።»

«አቤቱታ ተንጠልጥሎ ቢቀር ምን ያደርግልኛል?»

«ቀጣዩን ለማንበብ ይጓጓሉ።»

«ልጄ፣ ያለፈውንም አላነበቡትም!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬ ሰላም የለውም። ክፍል ይመጣል፤ ሌላ ክፍል ይመጣል። ሁሉም የሚያልቀው «በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ይቀጥላል» በሚል ነው። ማን ይሆን ብላችሁ ሰንብታችሁ ቀጣዩን ስትከፍቱ ነፋስ ነው። ነፋስ! «በሩን ነቅለህ ጣለውና እንረፍ» ብዬ ጻፍኩለት። በልብ ምልክት መለሰልኝ።

እሺ ይጻፍ። የሚያንገበግበኝ «አነበቡት?» የምትለው ጥያቄው ናት። መንገድ ላይ «አነበቡት?» ሠርግ ላይ፣ እጃችሁ ወጥ ውስጥ እያለ፣ «አነበቡት?» ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጽናዎት» ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያለፈውን ክፍል አነበቡት?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከቻናሉ መውጣትም አይቻልም። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ በለጡ ሞክራው ነበር። በቀጣዩ ክፍል በለጡ የምትባል ምላሰ ረጅም ልብስ ሰፊ ከአህያ ወደቀች። እውነተኛዋ በለጡ መቀሷን እንደያዘች መጣች።

«አንተ ከይሲ! በሰው ፊት ከአህያ ትጥለኛለህ?»

«የወደቀችው ገጸ ባህሪዋ ናት፣ እትዬ በለጡ።»

«አሁኑኑ አንሳኝ!»

«ቻናሉን ይቀላቀሉና አነሳዎታለሁ።»

ተቀላቀለች። አነሳት፤ ለካሳ የወርቅ ጉትቻም አደረገላት። አሁን ቀድማ የምታነበው እሷ ናት፤ ጉትቻው እንዳይጠፋባት ትጠብቃለች።

ባጃጅ ነጂው ሱለይማን ደግሞ ፊደል ላይ ይታክታል። እቤቱ በበርታ ቋንቋ ነው የሚያወሩት፤ አማርኛን ለመንገድ ነው የያዛት። ስለዚህ ተሳፋሪ ያስነብባል። «እትዬ፣ አንተ አንብብ፣ እኔ ይነዳል» ይለኛል። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይነዳል፣ ኋላ ያሉት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። አንድ ቀን አንዱ መውረጃው አለፈና «ወራጅ!» ብሎ ጮኸ። «ያ አኺ፣ ሰብር አድርግ፣ ትንሽ ታገስ» አለው ሱለይማን፣ «በሩ እኮ ሊከፈት ነው!» በሩን ያንኳኳው ነፋስ ነበር። ሰውየው የመጣበትን መንገድ በእግሩ ተመለሰ። ያቺ የቴሌግራም ዓይን ይህን ሁሉ ጆሮ አንድ ብላ ነው የምትቆጥረው።

ይህን ሁሉ ጣጣ የሚፈጥረው ለዝና እንዳይመስላችሁ። እኔም መስሎኝ ነበር። ከየክፍሉ ግርጌ፣ ከ«ይቀጥላል» በታች፣ አንዲት መስመር አለች፤ «ገሠሠ፣ አነበብከው?» ትላለች። ሁሌም። ሰው ገጸ ባህሪ ይመስለዋል። እኔ ግን ጠየቅኩት፤ ያልገባኝን ሳልጠይቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ገሠሠ ሰው ነው። ምስጋና የድባጤ ልጅ ነው፤ ገሠሠም እዚያው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ፣ አብሮ አደጉ። በዚያ ክፉ ጊዜ ሰው ሲበተን አንዱ በአንድ መኪና፣ ሌላው በሌላ መኪና ተጫነ። የአንዱ መኪና አሶሳ ደረሰ። የሌላው የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስልኩ አይሠራም። የጠየቀው ሰው ሁሉ አላየሁም እንጂ ሞተ አላለውም።

«አንድ አንባቢ ነው የምፈልገው፣ እትዬ» አለኝ። «ሌላው አጃቢ ነው።»

አጃቢ! እኔ፣ ዓይኔን እያሸሁ የነፋሱን በር ሳነብ የከረምኩት፣ አጃቢ ተባልኩ። ቢሆንም ያን ቀን አልተቆጣሁም።

የተቆጣሁት ማንጎው ሲመጣ ነው። አንዱ ክፍል ላይ ድባጤ ያለው ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ማንጎ አቆመ። እኔ ድባጤን አውቃታለሁ። ሰሊጥና ለውዝ ስነግድ ከዚያ ማንጎ ሥር ተቀምጬ ምሳዬን በልቻለሁ። የት እንደቆመ አውቃለሁ። ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ያን ጩኸቱ ከሩቅ የሚሰማ የናፍጣ ወፍጮ በመብራት አስፈጨው። ቀጥሎ ዓባይን አምጥቶ በድባጤ ገበያ መሃል አሳለፈው። ዓባይን! አገር ሙሉ ላቡን አፍስሶ ጉባ ላይ የገደበውን ወንዝ፣ ይሄ በአንድ አንቀጽ ነድቶ ገበያ አስገባው።

ኮሜንቱ ነደደ። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ድባጤን በሥዕልም አላየሃት!» «ማንጎው እዚያ አይደለም!» «አንተ ራስህ መቼ ሄደህ?» «ከዚያ ማንጎ ላይ ወድቄ ነው ክንዴ የተሰበረው!» አንዱ ሌላውን ለመርታት ወንድሙን ጠራ፣ ወንድሙ አክስቱን፣ አክስቱ ፓዊ ያለውን ባሏን። ዓይኗ አበጠች። እኔም ረጅም እርማት ጻፍኩ። መልስ የለም። የተጻፈ ነገር ሳይታረም ሲቀር እጄን ያሳክከኛል፤ ሱቁ ድረስ ሄድኩ።

«ማንጎው የት ነው ያለው?» አልኩት፣ ሰላምም ሳልለው።

ፈገግ ብሎ ነገረኝ። ልክ ነበር፤ አንድ ክንድ እንኳ አላዛነፈም።

«እያወቅክ ነው?!»

«እያወቅኩ ነው።»

«ዓባይንስ?»

«ዓባይን እንኳ ትንሽ አብዝቼዋለሁ።»

«አንተ፣ ሰው እኮ አምኖህ ያነባል! እንዴት እያወቅክ ትዋሻለህ?»

«ልብ ወለድ ነዋ፣ እትዬ» አለና ኮፒ ማሽኑን አጠፋው። «ገሠሠን አያውቁትም። ልጅ ሆነን ሰው እህል ለማስፈጨት ተራ ሲጠብቅ እኔ ተረት አወራለሁ፣ እሱ እየመዘነ ያዳምጣል። ደስ ሲለው አንዲት ቃል አይወጣውም፤ አመስግኖኝ አያውቅም። አንዲት ነገር ከሳትኩ ግን ሚዛኑን ጥሎ ይመጣል። ‹ውሸት ነው!› ይላል፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። ቅዳሜን ዓርብ ስላልኩ ተረቱን ከመጀመሪያው አስጀምሮኛል። አሁን ሁሉን አሳምሬ ብጽፍ አንብቦ ዝም ይላል። ዝም ያለ ሰው በምን ይገኛል? ከተሳሳትኩ ግን አይችልም። የትም ይሁን፣ ማንም ጋ ይሁን፣ አይችልም።»

«ሌላው ሰው አርሞህ የለ እንዴ?»

«ሌላው ያርም። ገሠሠ የሚያርሙትንም ያርማል።»

ሳልከራከር ወጣሁ። እኔን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እንግዲህ አንድ ከሰዓት ኔትወርኩ ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ፣ ፎቶ የሌለው አንድ ሰው ኮሜንት አስገብቶ ተገኘ። ሁለት ቃል፤ «ውሸት ነው።» ከጉባ፣ ከግድቡ ሠራተኞች አንዱ ነበር። ምስጋና ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ ወጣ። በለጡ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች ተከተለችው። ሱለይማን ባጃጁን መንገድ መሃል አቆመ። ሁላችን ስልኩ ላይ ተደፋን፤ ምስጋና ጻፈ፤ «የወፍጮው ቀበቶ ሲበጠስ በምን ነበር የምንሰፋው?»

መልሱ ቆየ። መጣ።

«ወንድሜ፣ እኔ የደብረ ታቦር ሰው ነኝ። ወፍጮ አላውቅም። ውሸት ነው ያልኩት ልብ ወለድህ ላይ ያለችው ልጅ ልጁን እንዲህ ቶሎ እሺ ትለዋለች ብዬ ስላላመንኩ ነው።»

በለጡ መርፌዋን አወጣችና «እሱስ እውነቱን ነው፣ ፈጥናለች» አለች። ማንም አልሳቀም። ምስጋና «እሺ፣ አዘገያታለሁ» ብሎ ጻፈለትና ወደ ደንበኛው ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ቀጣዩ ክፍል ወጣ። በሩ ተንኳኳ። እኔ ያን ጊዜ ነው በሩ ለምን እንደሚንኳኳ የገባኝ፤ ነፋስ ነው የሚለንም ከገሠሠ ሌላ የሚያስገባው ሰው ስለሌለው ነው።

ከዚያ አንድ የተማረ ሰው መጣብን። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ መምህር ነው፤ ረጋ ያለ፣ ነጥብና ሰረዙን ጠንቅቆ የሚጽፍ። ለጥናት ድባጤ ሄዶ ያነሳውን ፎቶ ለጥፎ፣ ማንጎው የት እንዳለ በቀስት አሳይቶ፣ «ክርክሩ በዚህ ቢዘጋ» አለ። ተዘጋ! ሰው ሁሉ «እናመሰግናለን መምህር» እያለ ተበተነ። ቀጣዩን ክፍል ጥቂት ሰው አየው፤ የዚያኛውን ቀጣይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ጠብ የሌለበትን ነገር ማን ለማን ይልካል? ማንም ሳይልከውስ ገሠሠ ያለበት እንዴት ይደርሳል?

ምስጋና በለጡን «አነበቡት?» ማለቱን ተወ። እኔንም ተወኝ። ያ ጥያቄ ሲቀርብኝ፣ እመኑኝ፣ ቤቴ ጠበበኝ።

ስልኬን አወጣሁ። እኔ፣ በሕይወቴ ሙሉ ሰው ሲዋሽ አላሳልፍ ብዬ ከአለቃም ከዘመድም የተጣላሁት፣ ከመምህሩ ቀስት ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ውሸት ነው። ማንጎው ፊት ለፊት ነው። ፎቶው የሌላ ወፍጮ ቤት ነው። እኔ ከሥሩ ምሳ በልቻለሁ። ተሻለች ነኝ።»

ከተማው ተንቀጠቀጠ። «እትዬ ተሻለች እኮ አትዋሽም!» አለ አንዱ። «ታዲያ መምህሩ ይዋሻል?» አለ ሌላው። ክንዱ የተሰበረው ተመልሶ መጣ፤ አክስትየዋም መጣች። ድባጤን ረግጣ የማታውቀው በለጡ ፊት ለፊት ለመሆኑ በመቀሷ ማለች። ሱለይማን ብቻ አሻፈረኝ አለ። «ወላሂ፣ በማንጎ አልምልም» አለ። «ሼር ግን አደርጋለሁ።» አደረገም። ዓይኗ እንደገና ማበጥ ጀመረች።

በማግስቱ በሱቁ ሳልፍ ምስጋና ብቅ አለና አየኝ። ለማመስገን አፉን ሲከፍት «ዋ!» አልኩት። ገባውና «አነበቡት?» አለኝ።

«አነበብኩት። ስህተት ያንሰዋል» አልኩት።

ስለዚህ የማንጎውን እውነተኛ ቦታ እነግራችኋለሁ ያልኩት ቀርቷል፤ አልነግራችሁም። ይልቅ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የት ሆናችሁ እንደምታነቡኝ አላውቅም። ሰፈራችሁ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ፣ ተራ ስትጠብቁ ከጎናችሁ፣ ሰው ሲያወራ መሃል ገብቶ የሚያርም፣ በዚህም የተነሳ ሰው የሚሸሸው አንድ ገሠሠ የሚባል ሰው ካለ፣ አትሽሹት። ምስጋናንም አታንሱበት። እንደ ዋዛ «ድባጤ ያለው ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ትልቅ ማንጎ ነበረ አሉ» በሉት። ዝም ካለ ሌላ ሰው ነው፤ ተዉት። የያዘውን ጥሎ «ውሸት ነው!» ካላችሁ ግን፣ በእናታችሁ፣ አትከራከሩት፤ «ስልክህን አምጣው እስኪ» ብላችሁ ተቀበሉትና፣ ነካ ነካ አድርጋችሁ ወደ ቻናሉ አስገቡልን።