ባሕር በአሥራ አምስት ደቂቃ

በየቤተሰቡ አንድ ዕቅድ አውጪ አለ። የሌለው ቤተሰብ በሰላም ይኖራል፤ ግን የትም አይደርስም።

የኛው የእህቴ ባል ነው። ምክትል ርእሰ መምህር ነው፤ የትምህርት ቤቱን የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያወጣውም፣ ደወሉን የሚያስደውለውም እሱ። ችግሩ፣ ማታ ወደ ቤት ሲመጣ ደወሉም አብሮት ይመጣል። በሌለበት “ክቡር ፕሮግራም” እንለዋለን።

እናቴ በሰባ አንድ ዓመቷ ባሕር አይታ አታውቅም። አንድ ቀን “ሳልሞት አንዴ ባየው” ብትል፣ ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው “ይፈጸማል!” አሉ። አለቀልን።

የተመረጠችው አንዲት ጥንታዊ የወደብ ከተማ ናት፤ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ መመለስ። ለዚህች ሁለት ቀን ስድስት ሳምንት ስብሰባ ተቀመጥን። ሳሎን ምንጣፉ ላይ ካርታ ይዘረጋል፤ ሶፋው ላይ ያዛጋ ሰው ስሙ ይጠራል። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እህቴ ምርር ቢላት፣ “አንተ ሰውዬ፣ ሽርሽር ነው ዘመቻ?” አለችው።

“ያልታቀደ ሽርሽር መንከራተት ይባላል” ብለው ክቡርነታቸው አጀንዳ ሁለትን ቀጠሉ።

ዕቅዱ ዘጠኝ ገጽ ወጣው። በላስቲክ ተለብጦ ለእያንዳንዳችን ታደለ። “3፡10 ባሕር ማየት። 3፡25 ባሕር አይቶ መጨረስ።” ከዚያ የከተማዋ አሮጌ ምሽግ፣ ከዚያ የመርከበኞች ሙዚየም። መገረም እንኳ ሰባት ደቂቃ ተመድቦለታል።

“ሽንት ቤትስ?” አልኩ።

“ገጽ አራት።”

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነስተን 3፡08 ላይ ባሕሩ ዳር ደረስን። ክቡርነታቸው በተረፉት ሁለት ደቂቃዎች ከተማዋን ራሳቸው የማረኩ ይመስል ደረታቸውን ነፉ። እናቴ አንድ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ዓይኗን ውሃው ላይ ጣለች። ውሃው ይመጣል፣ ይሄዳል።

3፡25 ሲሆን ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እማማ፣ ጨረሱ?”

“ምኑን ልጄ?”

“ባሕሩን።”

እናቴ ዞር ብላ አየቻቸው። “እንዴ! እሱ መቼ አለቀና?”

እህቴና እኔ ተያየን። የስድስት ሳምንት ልፋት እዚያው አሸዋ ላይ ፈሰሰ። ክቡርነታቸው ሰዓታቸውን አዩ፣ ዕቅዱን አዩ፣ እናቴን አዩ። ከዚያ ዘጠኙን ገጽ አግዳሚው ላይ አስቀመጡና እሷ አጠገብ ቁጭ አሉ።

አራት ሰዓት አለፈ። አምስት ሰዓት አለፈ። ነገር ልጫር ብዬ፣ “ጋሼ፣ ምሽጉ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል እኮ” አልኩ።

“አራት መቶ ዓመት የቆመ ምሽግ የት ይሄዳል? ይልቅ እናትህን አትረብሻት።”

ሥራ ስፈታ፣ አግዳሚው ላይ ያስቀመጠውን የራሱን ዕቅድ አንስቼ ገለጥኩ። ከላስቲኩ ሥር፣ በየመስመሩ ጠርዝ በእርሳስ ጽፎበታል። “እዚህ አግዳሚ አለ።” “ደረጃ 11፣ መደገፊያ አለው።” “በጓሮ በር መግባት፤ ዳገት የለውም። ዘበኛውን ደውዬ ጠይቄአለሁ።” እናቴን ጉልበቷን እንደሚያማት፣ እኔ የሆዷ ልጅ፣ በዚያን ሰዓት ነው ትዝ ያለኝ።

ቀና ስል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ክንዷን ይዞ፣ ውሃው ውስጥ ያስገባታል። እሷ እንደ ሕፃን ትስቃለች።

“ቀስ፣ እማማ። አይቸኩሉ፣ ጊዜ አለን” ይላታል።

ሮጬ ደረስኩ። “ጋሼ፣ በወዲህ በኩል እኔ ልያዛት?”

“ና። ጫማህን አውልቅ፣ ሱሪህን ሰብስብ፣ በግራዋ ቁም።”

ይህ ሰው ቤታችን ከገባ ጀምሮ ሳላጉረመርም የፈጸምኩት ትእዛዝ ይኸው ነው።