ክብርት አማቴና ብርቱካናማው ፀጉሬ

ፀጉር ቤት የሌለው ሰፈር ሊኖር ይችላል። «ነይ ተቀመጪ፣ እኔ አስተካክልልሻለሁ» የምትል ሴት የሌለችበት ቤተሰብ ግን እስካሁን አልተፈጠረም። ይህች ሴት የትም አልተማረችም፤ ማንም አልሾማትም። ጭንቅላታችሁን ከሩቅ ትመረምራለች፣ ሰላም ከማለቷ በፊት መድኃኒቱን ታዛለች፣ እምቢ ብላችሁ ሳትጨርሱ ፎጣው አንገታችሁ ላይ ተጠምጥሟል።

በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት አማቴ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ የሰውንም ጭንቅላት እንደ ንብረት ነው የሚያዩት። ተበላሽቶ ካገኙት ሳይጠግኑት አያልፉም። በተለይ ቤቷ ተደብቃ ፀጉሯን ልታነጣ ሞክራ ብርቱካን የመሰለች ሴት ካገኙ ፊታቸው ይበራል። «ሰማያዊ ብርቱካናማን ይገድላል፣ ሐምራዊ ቢጫን ይገድላል!» ይላሉ፣ ጦር እንደሚያዘምት ሰው።

የሚያክሙት የራሳቸው ቤት አይደለም፤ የእኔ ወጥ ቤት ነው። ምክንያታቸው አጭር ነው፦ «የእናንተ መስኮት አይዋሽም።» መብራት አያምኑም። የሕመምተኛዋን አገጭ ይዘው ወደ መስኮቱ ያዞሩና በቀን ብርሃን ፍርድ ይሰጣሉ። ከዚያ ቫዝሊን ግንባሯና ጆሮዋ ላይ ይቀባል፣ የእኔ ሸሚዝ ከቁም ሳጥን ወጥቶ ትከሻዋ ላይ ይጣላል፣ ቀለሙም በጥርስ ብሩሽ ይማሰላል። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ!

አንድ እሑድ ውሃ ልጠጣ ብገባ የማላውቃቸው ሴቶች ጭንቅላታቸው ላይ ፌስታል አጥልቀው ተደርድረዋል። አንዷ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ። በገዛ ቤቴ! «ውሃ» ስል፣ አማቴ ሰዓታቸውን እያዩ «ዝም በል፣ ደቂቃ ታሳስተኛለህ» አሉ። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያንን ጉባኤ ሲያይ ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር ሁልጊዜ አይሳካላቸውም። የሚስቴ ወንድም ሚስት ነርስ ናት። ፀጉሯ ቢጫ ሆኖባት ስትመጣ ክብርትነታቸው ሐምራዊውን ትተው ሰማያዊ ያለበትን ቀለም ለቀለቁባት። ታጥቦ ሲወጣ አዲስ የበቀለ ሣር መሰለ። «አረንጓዴ አይደለም፣ አመድማ ነው» ብለው ተከራከሩ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ግን ማንም ሊሰማው የማይፈልገውን ቃል ተናገሩ፦ «አይዞሽ፣ ፀጉር ነው፤ ይበቅላል!» ምስኪኗ ነርስ የሥራ ኮፍያዋን በዕረፍት ቀኗም አላወለቀችም። በመጨረሻ ቀላ ያለ ቡናማ ቀቡላትና አረንጓዴው ጠፋ። ጭራሽ አማረባት። ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ ወደ ወጥ ቤቴ ጎረፈ።

እኔ ይህን ሁሉ እየሳቅኩ ነው የማየው፤ ተራው የእኔ እስኪሆን ድረስ።

አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ስታገባ ከእኔ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ክንዴን ይዛ አዳራሽ እንድትገባ። እኔም ሽበቴን አጥፍቼ ላኮራት አስቤ ጥቁር ቀለም ተቀባሁ። ልጄ ስታየኝ «አባዬ፣ ፀጉር ነው ወይስ ኮፍያ?» አለች። እውነትም የተወለወለ ጫማ መስያለሁ። ብታጠብ ብታጠብ ወይ ፍንክች! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጥቁር ቀለም ሦስተኛ ሆኖ ይጨመርልኝ። የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት፣ አማቴ እኛ ቤት ያስቀመጡትን ማንጫ ዱቄት ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ቆለፍኩ። ትንሽ ላለዝበው ብዬ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ! ስወጣ ጭንቅላቴ እሳት የተለኮሰበት ይመስል ነበር።

ሚስቴ መሳቅ ጀምራ እያለቀሰች ጨረሰች። ልጄ ደግሞ አፏን በእጇ ይዛ አየችኝ። እኔም ምን ይዋጠኝ! «አጎትሽ ያስገባሽ፤ እኔ ኋላ እቀመጣለሁ» አልኳት። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። ሚስቴ ዓይኗን ጠራርጋ ስልኩን አነሳችና «እማዬ፣ ድረሽልን» አለች።

ክብርትነታቸው ከነጫማቸው ገብተው አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩኝ።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«እኔው ነኝ እማማ።»

«እንዲህ አይባልም። ሌላ ሰው ነው በል፤ ቢያንስ ይታዘንልሃል።»

«ዱቄቱን እንደገና ብንደግመውስ?»

«ደግመህ መላጣህን ግባ! የተጎዳ ፀጉር ላይ ዱቄት አይደገምም። ቁጭ በል።»

ተቀመጥኩ። ሸሚዜን አለበሱኝ፤ የእኔ ሸሚዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ደረሰ። ሁሉንም ባንዴ ይቀቡኛል ብዬ ስጠብቅ ከጆሮዬ ጀርባ ጥቂት ፀጉር ብቻ ለይተው ሞከሩ። ጠበቅን። ሲታጠብ ጭቃ የነካው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። አማቴ «ሰማያዊው በዝቷል» ብለው ደፉትና እንደ አዲስ መበጥበጥ ጀመሩ። ያቺን «ይበቅላል» የምትል ቃል እስካሁን አልተነፈሷትም። የቀለሙን ሳህን ግን ሦስቴ መስኮቱ ጋ ወስደው አዩት። ያኔ ፈራሁ።

ልጄ ዓይኗ አብጦ መጣችና በሩን ተደግፋ ቆመች። «እማማ፣ ይስተካከላል?»

«ይስተካከላል። ባይስተካከልም አባትሽ ነው የሚያስገባሽ። ጭንቅላቱ ቢነድም እሱ ነው የሚያስገባሽ፤ ሰማሽ?»

«እኔስ ምን አልኩ? እሱ እኮ ነው እምቢ ያለው!»

አማቴ በማበጠሪያው ጀርባ አናቴን ቋ አደረጉኝ። «ሰማህ አይደል?»

ሰማሁ። ቀለሙ ዓይኑን እንደለበለበው ሰው ፎጣውን ጠየቅኩ።

ሁለተኛው ሙከራ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሙሉውን ቀቡኝ፣ ፌስታል አጠለቁልኝ፣ ከወንበሩም እንዳልነሳ አስጠነቀቁኝ። ታጥቤ መስኮቱ ጋ ስቆም ጨዋ የሆነ፣ የማንኛውንም ሰው የሚመስል ፀጉር ነበረኝ። ጠርዙ ላይ ብቻ ፀሐይ ሲያርፍበት ዝገት ቢጤ ብልጭ ይላል። «እሱ አልሞት አለኝ» አሉ አማቴ ተክዘው፣ እንደተሸነፈ የጦር አዛዥ። እኔ ግን እግራቸው ላይ ብወድቅ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ አዳራሹ በር ላይ ልጄ ክንዴን ይዛ ቆመን ሳለ ክብርት አማቴ ከመኪና ወረዱ። ፀጉራቸው ዕድሜ ልኩን ቀለም ያልነካው፣ እንደ ጥጥ የነጣ ነበር፤ የሰው ሲቀቡ ኖረው የራሳቸውን ሽበት ግን «ማንም አይነካብኝም» ይሉ ነበር። አሁን ቡናማ ነው። ጠርዙ ላይ ዝገት ቢጤ ብልጭ ይላል።

ሚስቴ ክው አለች። «እማዬ! ምን አድርገሽ ነው?»

«ቀለም ተርፎኝ ነው። ይደፋ እንዴ?» አሉ፣ እኔን ሳያዩ።

ምንም የተረፈ ቀለም አልነበረም። ሳህኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ የእኔን ጭንቅላት ብቻ እንዳያይ የራሳቸውን አብረው ይዘው መጥተዋል። ብዙ ሰው ውለታ ውሎልኛል፤ እንዲህ ያለ ውለታ ግን የዋለልኝ የለም።

ፎቶ አንሺው ከመግባታችን በፊት አሰለፈን። ሁለታችንን አየት አየት አደረገና «ጋሼ፣ እናትዎን ጠጋ ይበሏቸው። ቁርጥ አንድ ፀጉር ነው ያላችሁ፤ ፎቶ ላይ ያምራል» አለ።

የባለቤቴ እናት ናቸው ልለው አፌን ስከፍት ክብርት አማቴ ቀደሙኝ።

«ጠጋ በል እንጂ ልጄ!»

ጠጋ አልኩ።