ቢጫ ያበበው ሰማያዊ ጽጌረዳ

ለወረቀት ታማኝ የሆነ ሰው የትም ቢኖር ክብር ይገባዋል። ጡረታ የወጡት የመዝገብ ቤት ኃላፊ በሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው ዓይናቸውን አምነው አያውቁም፤ የሚያምኑት የተጻፈውን ነው። እንዲያውም አንድ ባለጉዳይ በቁሙ ፊታቸው ቀርቦ ሳለ፣ መዝገቡ «ሞቷል» ስለሚል፣ እግዜር ያጽናህ ብለው ሸኝተውታል።

እኚህ ሰው በስልካቸው የዘር ገበያ ሲያስሱ «ንጉሣዊ ሰማያዊ ጽጌረዳ፤ በስድሳ ቀን ያብባል፣ ትንኝ ያባርራል፣ ደም ግፊት ያበርዳል» የሚል ማስታወቂያ አገኙ። ማኅተም ነበረበት። ማኅተም ካለ ምን ቀረ? ዘሩ እንደ ደረሳቸው የሚስታቸውን የጎመን መደብ በአንድ ጠዋት ገልብጠው ዘሩት።

ሚስታቸው ከገበያ ስትመለስ አንጀቷ አረረ። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች መደብ ነው። ቢሆንም የሚበቅለውን ልታይ ጠበቀች። ዘሩም በቀለ፤ ቅጠሉ ሰፋ፣ እሾህ የሚባል ግን የለውም።

«ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ጎመን ነው።»

«ማስረጃ አለሽ?»

«ሠላሳ ዓመት ቀቅዬዋለሁ።»

«እሱ ልምድ ነው። የጠየቅኩሽ ማስረጃ ነው።»

መደቡ ዳር «አበባ መቅጠፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ግቢው ሙሉ ጎመን እያለ ቤቱ ጎመን ከገበያ መግዛት ጀመረ።

በስድሳኛው ቀን አበባው ፈነዳ። ቢጫ ነው። ሻጩ በመልእክት ሲጠየቅ በትሕትና መለሰ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ቀለሙ እንደ ተመልካቹ ዓይን ሊለያይ ይችላል።» ኃላፊው ጉዳዩን በጥልቀት መርምረው ጥፋተኛውን ለዩ፤ የገዛ ዓይናቸው ሆኖ ተገኘ።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሚስታቸውም አብራ ሄደች። ዓይናቸው ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት ከተገኘ መደቧን ሊመልሱላት ቃል ገብተዋል። ሐኪሙ በመብራት አዩ፤ ፊደል አስነበቡ።

«ዓይንዎ የጎረምሳ ዓይን ነው። ቢጫ ካዩ፣ ቢጫ ነው።»

«በጽሑፍ ይሰጡኛል?»

ሐኪሙ ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተማቸውን አነሱ። የሚስትየዋ ልብ ቅቤ ጠጣ።

«ለመሆኑ ቢጫ ሆኖ ያስቸገረዎት ምንድን ነው?» አሉ ሐኪሙ።

ኃላፊው የዘሩን ማሸጊያ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው። ሐኪሙ አገላብጠው አነበቡት። ከዚያ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ መለሱና ወረቀቱን ቀደዱት።

«ከዚህ ሻጭ መሆኑን መጀመሪያ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር። የኔም ቢጫ ነው ያበበው። ለራሴ መነጽር አዝዣለሁ፤ ለእርስዎም አንድ እጨምራለሁ።»

ሚስትየዋ ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ አመራች።

«ወዴት ነው?» አሏት ባሏ።

«ጎመኔን ልቀጥፍ። አንተም ምሳ ካማረህ፣ ጎመን መሆኑን በጽሑፍ ታመለክታለህ።»