ሁለት አማቾችና ሁለት ፒካፖች

(ምዕራብ ቴክሳስ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ የአዳዲስ መኪና መሸጫ ግቢ። ቅዳሜ ረፋድ ነው። ሮይስና ዴልበርት እህትማማቾችን ያገቡ ሰዎች ናቸው። ሮይስ አዲሱን ጥቁር ፒካፑን የሁለት መኪና ቦታ አስይዞ አቁሞታል። ዴልበርት አሮጌ መኪናው ሞተሩ ተቃጥሎበት አዲስ ሊገዛ መጥቷል፤ አሁን ለሽያጭ የቆመ ወርቅማ ፒካፕ ውስጥ ገብቶ ተንጋሏል።)

ሮይስ፦ ውረድ ብዬሃለሁ!

ዴልበርት፦ ቆይ እንጂ፣ ጀርባዬን እያሸኝ ነው።

ሮይስ፦ ማን?

ዴልበርት፦ ወንበሩ።

ሮይስ፦ እሱ ላንተ ጀርባ አይደለም የተሠራው። ውረድ፣ ሰው እያየን ነው!

ዴልበርት፦ ጀርባ አይመርጥም እኮ። ይኸው ዝም ብሎ ያሻል።

ሮይስ፦ ስማ፣ ይሄ ፉል ኦፕሽን ነው። መኪና ደረጃ አለው። ከታች ባዶው አለ። ከሱ በላይ ራዲዮ ያለው፣ ከሱ በላይ የቆዳ ወንበር ያለው፣ ከሱም በላይ ቆዳው ላይ ጥልፍ ያለው አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የኔ!

ዴልበርት፦ እኔ የቱ ጋ ነኝ?

ሮይስ፦ (በአገጩ እያመለከተ) እዚያ አጥሩ ሥር የተደረደሩት ነጮቹ ጋ።

ዴልበርት፦ እነሱ የመንገድ ጠጋኞቹ መኪናዎች አይደሉም እንዴ?

ሮይስ፦ ለሽያጭ ናቸው። ስድስት ሲሊንደር፣ የጨርቅ ወንበር፣ ወለሉ ላስቲክ። ሲያዩህ ልክህን ያውቃሉ፣ አንተም ልክህን ታውቃለህ፣ አለቀ።

ዴልበርት፦ ያንተ ስንት ሲሊንደር ነው?

ሮይስ፦ ስምንት! ከአራት መቶ ፈረስ በላይ ጉልበት አለው። ሳስነሳው የጎረቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል።

ዴልበርት፦ ምን ትጎትትበታለህ?

ሮይስ፦ ምን ማለትህ ነው?

ዴልበርት፦ ማለቴ፣ ከኋላው ምን ታስርበታለህ?

ሮይስ፦ ለመጎተት ማን ገዛው? ጉልበት ማለት መቻል ነው እንጂ መሥራት አይደለም! ምኑን ነው ላስረዳህ የምችለው?

ዴልበርት፦ እሺ ካሶኒው ላይስ ምን ትጭናለህ?

ሮይስ፦ ካሶኒው ላይ ምንጣፍ አስነጥፌበታለሁ።

ዴልበርት፦ ታዲያ ላሞቹ ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚገቡት?

ሮይስ፦ የምን ላም? ላሞቹን ሸጬ አይደል እንዴ የገዛሁት!

ዴልበርት፦ ሁሉንም?

ሮይስ፦ ኮርማው ቀርቷል።

ዴልበርት፦ ብቻውን? ምስኪን።

ሮይስ፦ ለጊዜው ነዋ! ዛሬ አማታችን ግጦሹን ሲሰጠኝ መልሼ እገዛለሁ። በዚህ ድርቅ ውኃው ያልነጠፈ ግጦሽ የሱ ብቻ ነው። እሱን የያዘ ሰው ሆነ፣ ያልያዘ ጉድ ፈላበት።

ዴልበርት፦ እኔማ ጉዴ ከፈላ ቆይቷል። ቁልቋል እሾሁን በእሳት እየለበለብኩ ነው ላሞቼን የማበላው።

ሮይስ፦ ቁልቋሉማ ሲሳይህ ነው፤ ግጦሹን ግን እርሳው። ሽማግሌው ምን አለን? "ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ መኪናችሁን ይዛችሁ ኑ" አለን። ለምን ይመስልሃል?

ዴልበርት፦ እሱማ ረቡዕ ዕለት ሲያናግረኝ...

ሮይስ፦ አንተን ቢያናግርህ አይገባህም! ሊመዝነን ነው። እዚህ አገር ወንድ የሚመዘነው በመኪናው ነው። መንገድ ላይ ስንተላለፍ ሰው ሁሉ ለኔ ለሰላምታ ጣቱን ከመሪው ላይ ያነሳልኛል። ላንተ ማን ያነሳል?

ዴልበርት፦ የኔ መኪና ቆሞ ነው የከረመው። እኔ ነበርኩ እየወረድኩ የማነሳው፣ እርዱኝ እያልኩ።

ሮይስ፦ ይኸው!

ዴልበርት፦ እንግዲያው እኔም ይሄን ወርቅማውን ልግዛና እኩል ይመዝነን።

ሮይስ፦ (ደንግጦ) ምን? አንተ? አንተ ቆዳ ላይ ስትቀመጥ ቆዳው አያፍርም? ደግሞ መንዳቱንስ ማን ያውቅልሃል? ይሄን ቁልፍ አየኸው? ለአሸዋ ነው። ይሄኛው ለበረዶ። ይሄ ደግሞ ለጭቃ።

ዴልበርት፦ (በጉጉት) ስትጫነው ጭቃ ይመጣል?

ሮይስ፦ አምላኬ ሆይ!

ዴልበርት፦ ዝናብ ከሚያመጣ ነገር ጋር ተያይዞ እንደሆነ ብዬ ነው እኮ።

ሮይስ፦ ጭቃ ሲኖር ነው የምትጫነው፣ ደነዝ!

ዴልበርት፦ አንተ ተጭነኸው ታውቃለህ?

ሮይስ፦ መኪናዬን ጭቃ ውስጥ? አብደሃል? በል ሂድ፣ ነጩን ፈርምና ና፣ እንዳንዘገይ። ስለ ሞተሩ ምንም አትጠይቅ፣ ታዋርደኛለህ።

(ዴልበርት አንገቱን ደፍቶ ወደ ቢሮው ይገባል። ሮይስ በመሃረብ ኮፈኑን ይወለውላል።)

ሮይስ፦ (ለራሱ) ወርቅማ አማረው! ነጩን ይዞ ከጎኔ ሲቆምማ ሽማግሌው ማንን እንደሚመርጥ አይጠፋውም። እንዲህ ያለ ሰው ነው የዘመድ ኩራት ብለን የተዛመድነው፣ ወይ ጣጣ!

(ዴልበርት የነጩን ፒካፕ ቁልፍ በአንድ እጁ፣ ስልኩን በጆሮው ይዞ ይወጣል።)

ዴልበርት፦ (በስልክ) አዎ አባባ፣ ገዛሁ... ነጭ ነው... ወለሉ ላስቲክ፣ በውኃ ይታጠባል... የሮይስ? ጥቁር ነው... ካሶኒውማ ምንጣፍ አለው... አይ፣ አልቀለድኩም... እሺ አባባ። እሺ። (ይዘጋል)

ሮይስ፦ ምን አለ? ስለ ምንጣፉ ምን አለ?

ዴልበርት፦ ሳቀ።

ሮይስ፦ ደስ ብሎት?

ዴልበርት፦ እስኪያስለው።

ሮይስ፦ (ፊቱ ይገረጣል) ከዚያስ?

ዴልበርት፦ "እኔ የምፈልገው ሥራ የሚችል መኪና ነው፤ ሮይስ ያንን ጌጡን ይዞ ጥላ ሥር ይቁም" አለ። "ነጩን የያዘው ግን በሩን አልፎ በቀጥታ ግጦሹ ውስጥ ይግባ፣ እሱን ነው የምጠብቀው" አለ። ከዚያ ደግሞ...

ሮይስ፦ በቃ! ገባኝ! ዝም በል፣ ላስብበት። (ይንጎራደዳል) ዴልበርት፣ ወንድሜ።

ዴልበርት፦ (ዘወር ብሎ ኋላውን እያየ) እኔን ነው?

ሮይስ፦ ያ ወንበር ተስማምቶህ ነበር፣ አይደል?

ዴልበርት፦ በጣም እንጂ።

ሮይስ፦ የኔ ከዚያ ይበልጣል። ያሻል፣ ያሞቃል፣ በበጋ ደግሞ ከሥር ያቀዘቅዛል። እንቀያየር።

ዴልበርት፦ በነጩ? አትቀልድ። ላሞችህን የሸጥክበት መኪና አይደለም እንዴ?

ሮይስ፦ ለዘመድ ያልሆነ ንብረት ምን ያደርጋል? ይኸው የባለቤትነት ወረቀቱ፣ ፈርሜልሃለሁ። (ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ አስደግፎ ይፈርማል)

ዴልበርት፦ የሽማግሌውን ነገር ልጨርስልህና...

ሮይስ፦ የነጩን ወረቀት ፈርም!

ዴልበርት፦ እሱ ያለው እኮ...

ሮይስ፦ አንተ ሰው፣ ስጦታ ሲሰጡህ አፍህን አትከፍትም፣ ፈርም!

(ዴልበርት ይፈርማል። ቁልፍ ይለዋወጣሉ። ሮይስ በእፎይታ በሳቅ ይፈነዳል።)

ሮይስ፦ ሞኝ! ግጦሹን በወንበር ለወጥከው! በል አሁን ጨርስልኝ፤ ሽማግሌው ከዚያ ደግሞ ምን አለ?

ዴልበርት፦ "አካፋ እኔ አለኝ" አለ።

ሮይስ፦ የምን አካፋ?

ዴልበርት፦ የፍየል በረቱን ሊያፈርስ ነው። ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ የተከመረ በጠጥ አለ፣ የሚዝቀው አጥቶ እስከ ጣሪያ ደርሷል። እሱን የሚያመላልስለት መኪና ነው የፈለገው። ብቻውን የሚሠራ ሰው እስከ ገና አይጨርሰውም ብሏል።

ሮይስ፦ ግጦሹስ?

ዴልበርት፦ ግጦሹንማ ለሁለቱ ሴት ልጆቹ እኩል አካፍሏል። ያንተም ሚስት የኔም ሚስት ፈርመዋል።

ሮይስ፦ ሚስቴ ምንም አልነገረችኝም!

ዴልበርት፦ ልትነግርህ ስትጀምር የሞተሩን ጉልበት ታወራላት ነበር አሉ።

ሮይስ፦ (ነጩ ላይ ተደግፎ) ይሄን ሁሉ መቼ ነገረህ?

ዴልበርት፦ ረቡዕ ነዋ።

ሮይስ፦ ረቡዕ?! ታዲያ ጠዋቱን ሙሉ አፍህን ምን ዘጋው?

ዴልበርት፦ እያስረዳኸኝ ነበር እኮ። አዋቂ ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው።

ሮይስ፦ መልስልኝ! መኪናዬን መልስልኝ!

ዴልበርት፦ (ጥቁሩ ውስጥ ገብቶ ወንበሩን እያመቻቸ) እሱንማ ለሻጩ ልመልሰው ነው። ከነጮቹ አንዱን ይሰጠኛል፣ በተረፈው ለላሞቼ የክረምት ድርቆሽ እገዛበታለሁ። ያንተም ኮርማ ብቻውን ነው፣ ወደኔ ብታመጣው ይሻላል።

ሮይስ፦ ቢያንስ በጠጡን አታግዘኝም?

ዴልበርት፦ ደስ ይለኝ ነበር፣ ሮይስ፤ ግን ሽማግሌው ያለው አካፋ አንድ ብቻ ነው። እሱንም አንተ ነህ ፈርመህ የተቀበልከው።