መልህቅ የጣለች ውሸት

ባል የሚባል ፍጡር መዋሸት ይወዳል እንጂ አይችልበትም። ሚስትስ? ሚስት ትችልበታለች፤ አትወድም ተብሎ ነው የሚወራው። ይህን የምላችሁ ከመሬት ተነስቼ አይደለም፤ ከውሃ ተነስቼ ነው።

ቡታጅራ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ብርቄ ከተጋባን ጀምሮ፣ ይኸው ስድስት ዓመት፣ «ዝዋይ ወስደህ በጀልባ አንሸራሽረኝ» ትለኛለች። ዝዋይ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ሳይወስዳችሁ ትደርሳላችሁ። እኔ ግን መልሴ አንድ ነው፤ «ውሃ ያዞረኛል።» እውነቴን ነው። ለተማሪዎቼ ስለ ውቅያኖስ ሳስተምር እንኳ ጠረጴዛ ይዤ ነው።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ወዳጄ ከድር፣ የበርበሬ ነጋዴው፣ መንገድ ላይ አገኘኝ።

«ቅዳሜ ወንዶቹ ዝዋይ ልንወርድ ነው። ጀልባ ይዘናል። ትመጣለህ ወይስ መጀመሪያ ታስፈቅዳለህ?»

እስቲ ፍረዱኝ! እንዲህ ተብሎ የሚቀር ወንድ አለ? ማታውኑ ለብርቄ «ቅዳሜ ወልቂጤ ስብሰባ አለብኝ» አልኳት።

«ቅዳሜ?»

«አስቸኳይ ነው።»

«ይሁና። እኔም የአክስቴ ልጅ ቡኢ ከተማ ወልዳለች፤ እሷን ጠይቄ እመጣለሁ።»

የትኛዋ የአክስት ልጅ እንደሆነች አልጠየቅኩም። እግዜር ሲያመቻች እንዲህ ነው ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ እንደ እርጎ ረግቶ ጠበቀን። አራት ነበርን፤ አምስተኛው ገመቹ የሚባለው ባለጀልባ ነው፤ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ጉማሬ አየን፣ ፎቶ ተነሳን፣ እኔም የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጄ አንቄ «ደስ ይላል» አልኩ። ከቀትር በኋላ ግን ገመቹ ወደ ሰማይ ቀና አለና ፊቱን አጨፈገገ። ወዲያው ነፋሱ መጣ... መምጣት ሳይሆን መውረድ ነው! ገመቹ ጀልባዋን እየነዳ ከአንዲት ትንሽ ደሴት ጀርባ ወሸቃትና መልህቁን ጣለ።

«እስኪበርድ እዚሁ ነን።»

«መቼ ይበርዳል?» አልኩት።

«ሲበርድ።»

ከድር ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ነፋስ ግን ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከፍተኛ ግፊት ካለበት ዝቅተኛ ግፊት ወዳለበት።»

«እኛ የቱ ጋ ነን?»

ጀልባዋ ወደ ላይ ተነስታ ዷ ብላ ወረደች። ሆዴ ግን ላይ ቀረ።

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ብርቄ ናት። አላነሳም ብል ትጠረጥራለች፤ አነሳሁ።

«ስብሰባው እንዴት ነው?»

«እየተናወጠ ነው። ማለቴ... ውይይቱ።»

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያፏጨው?»

«የአዳራሹ ቬንትሌተር ነው። አንቺስ ጋ የሚጮኸው?»

«አይ... ቡኢ ዛሬ ነፋስ ነው። ሕፃኑም በጩኸቱ እየባነነ...»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሆነ። የብርቄ ድምፅ በስልክም መጣ፣ በአየርም መጣ። ቀና ስል ከደሴቷ ጥግ ሌላ ጀልባ ነፋሱን ሸሽታ እየተንገዳገደች ብቅ አለች። ሰባት ሴቶች ተጭነውባታል። መካከላቸው ባለቤቴ ብርቱካናማ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሳ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ተቀምጣለች።

ተያየን። ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም።

«ወልቂጤ ሐይቅ አላት እንዴ?» አለችኝ፣ በስልኩ።

«ቡኢ ካላት...» አልኩ።

ሁለቱ ባለጀልባዎች እንዳንራራቅ ብለው ጀልባዎቹን ጎን ለጎን በገመድ አሰሩ። መሸሻ የለ! ሰው ከሚስቱ ጋር ሲጣላ ቢያንስ በር ዘግቶ ይወጣል፤ እኔ በሩ ቢኖር ጉማሬ ጋ ነበር የሚያወጣኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኛ ስንቅ ግን ማደርም አላስፈለገው፤ አንድ ዳቦ ነበር፣ አለቀ። ሴቶቹ ቆጮ ከነአይቤው፣ ጎመን ከነክትፎው አሰናድተው ነው የመጡት። ብርቄ ከድርን አጎረሰችው፣ ሌሎቹን አጎረሰቻቸው፣ ለገመቹም አቀበለችው። እኔ ጋ ስትደርስ ዘለለችኝ።

«ስድስት ዓመት ለመንኩህ» አለች ቀስ ብላ። ጮክ ብትል ይሻለኝ ነበር። «እንደ ሕፃን ለመንኩህ። ሲሰለቸኝ ከጓደኞቼ ጋር መጣሁ። አንተ ግን ውሃ ያዞርሃል አልነበር?»

«ያዞረኛል!»

«እንዴት ነው ታዲያ ከከድር ጋር ሲሆን...»

ሐቄን ያወጣልኝ ሆዴ ነው። በጀልባዋ ጠርዝ ተደፍቼ ጠዋት የበላሁትን፣ ማታ የበላሁትን፣ የወልቂጤውን ስብሰባ ከነቃለ ጉባዔው ለሐይቁ አስረከብኩ። ከድር «ወላሂ ሞተ!» ብሎ ጮኸ። ልቤ እየጠፋ ሳለ ግንባሬ ላይ ቀዝቃዛ እጅ ተሰማኝ። ብርቄ ከጀልባ ጀልባ ተሻግራ መጥታ በአንድ እጇ ግንባሬን፣ በሌላው ቀበቶዬን ይዛለች።

«እውነትህን ነው ለካ» አለች።

«ስድስት ዓመት ነገርኩሽ እኮ።»

«ዝም በልና ትፋ።»

ወደ ሴቶቹ ጀልባ አልተመለሰችም። ነፋሱ እስኪበርድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትከሻዋ ላይ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ከሰርጋችን ወዲህ ይህን ያህል ጊዜ ሳንነሳ አብረን ተቀምጠን አናውቅም።

ሊመሽ ሲል ቡታጅራ ደረስን። ዓይናችን በነፋሱ ደም ለብሷል፣ ከንፈራችን ተሰነጣጥቋል፣ የብርቄ ነጠላ ተገልብጦ ጥለቱ ላይ ወጥቷል። ጎረቤታችን ሐጂ ሸምሱ ከሱቃቸው ደጃፍ አዩንና ደነገጡ።

«ምነው ልጆቼ? ሐዘን ነው እንዴ?»

እስቲ እናንተ አስረዷቸው! ወልቂጤ ብዬ፣ ቡኢ ብላ፣ ዝዋይ ላይ... «አዎ» ማለት ይቀል ነበር። «አዎ» አልኩ።

«የማን?»

«የአጎቴ» አልኩ።

«የአክስቴ» አለች ብርቄ። በአንድ ትንፋሽ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! ሁለቱም በአንድ ቀን?»

አጎት የለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ግቢያችን ገባ። ከድርም መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ተቀመጠ። ሐጂ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ ምን አግኝቷቸው ነው?»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ብርቄ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋችና፣

«ነፋስ መትቷቸው» አለች።

ከድር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ እየሮጠ ወጣ።

ሐጂ በዓይናቸው ሸኙትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው!»